ከውጫሌ ያመጣሁት ፋን

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ዘሃራ በሉኝ። ዛሬም እዚሁ ሱቄ ውስጥ የምገኘው በአንድ ቀን ውስጥ በሆነ ነገር ምክንያት ነው። ያ ቀን ባይኖር ኖሮ ወይ ዐረብ አገር የሰው ቤት ስወለውል ነበር፣ ወይ ባሕር በልቶኝ ነበር። ታሪኩ ትንሽ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ይሆንባችኋልና ታገሡኝ።

ዐረብ አገር ሰርቼ የተመለስኩት ለውጡ የመጣ ሰሞን ነው። የአሠሪዬ የበኩር ልጅ ቀኑን ሙሉ ጌም ሲጫወት የሚውል ጎረምሳ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛለት አሮጌውን አውጥቼ እንድጥል አዘዘኝ። እኔም እናቱን አስፈቅጄ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አገሬ ይዤው ገባሁ። ሌሎቹ ወርቅና ቴሌቪዥን ይዘው ይገባሉ፤ እናቴ የኔን ሻንጣ ስትከፍት፣ «ልጄ ብረት ተሸክማ መጣች» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

በዚያ ብረት ግን እንጀራ በላሁበት። የኛ አገር ሙስሊም ቤተሰቦች በሴቶቹ ዳስ ውስጥ ወንድ ካሜራ ይዞ እንዲገባ ብዙም አይወዱም። ስለዚህ የሴቶቹን ዳስ እኔ፣ የወንዶቹን ባልደረባዬ ጋሻው እየቀረጽን፣ እኔ በዚያ ማሽን አቀናብረው ነበር። ሥራውን ከስልክ ቪዲዮ ተምሬው ነው። ጋሻው የእስጢፋኖስ ሰፈር ልጅ ነው፤ ጾም ሲሆን እኔ አበላዋለሁ፣ ረመዳን ሲሆን እሱ ያስፈጥረኛል። እንዲህ ሆነን ሠርተን፣ ከሐይቅ እስከ አምባሰል ያልቀረጽነው ሰርግ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ሰሌዳ አለ። ሥዕሉን ሠርቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው እሱ ነው። የኔው ለጌም የተሠራ ስለነበር ትልቅ ነው፤ በኃይል ስለሚግል ሙቀቱን የሚበትን የብረት ክንፍ ተደርጎለት፣ ከላዩ ሁለት ፋን ተገጥመውለታል። ፋኖቹ ካልዞሩ ይግላል፤ ከጋለ ራሱን ያጠፋል። በኔ ማሽን ላይ ደግሞ እሱ ከጠፋ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሌላ መላ የለውም።

ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲጠጋ የከተማው ሰው ለቆ ወጣ። እኔ ከመሄዴ በፊት ማሽኑን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሐይቁ ዳር የምታርስ አክስቴ ጭድ ክምር ውስጥ ቀበርኩት። ካሜራውና ፕሪንተሩ ከባድ አይደሉም፣ ተሸክሜ እሄዳለሁ ብዬ ለመጨረሻ ሰዓት ተውኳቸው፤ በመጨረሻው ሰዓት ግን እናቴን ይዤ ነው የወጣሁት። ስንመለስ የሱቁ በር ተገንጥሏል። ወንበሩ፣ መጋረጃው፣ አምፖሉ ሳይቀር የለም።

ማሽኑ ከጭዱ ውስጥ ወጣ። አልሐምዱ ሊላህ ብዬ ስከፍተው ግን አይጥ ወልዳበታለች። የካርዱን ፋኖች ሽቦ በልታ ጨርሳዋለች፤ ያንደኛውም ክንፍ ተሰብሯል። መብራት ሲመለስ ሞከርኩት፤ በራ፣ ትንሽ ቆየ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸተተኝና ድርግም አለ። ሲበርድ እንደገና ይበራል፤ እንደገና ይጠፋል።

ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። የሚያገባ ሰው የለም፤ የሚደግስ የለም። ዐረብ አገር የሚወስደኝን ደላላ አነጋገርኩ። በሕጋዊው መንገድ አልነበረም፤ በበረሃና በጀልባ የሚወስደው ነው። ማሽኑንም ለመለዋወጫ የሚገዛ የኮምቦልቻ ነጋዴ ተገኘ፤ በማግስቱ መጥቶ ሊወስደው ተስማማን። ለጋሻው ነገርኩት። መጥረጊያ አንስቶ ባዶውን ሱቅ መጥረግ ጀመረ።

እየጠረገ ሳለ ሁለት ሴቶች በተገነጠለው በር ገቡ። እናትና ልጅ ናቸው። እናትየው እማማ ሐዋ ይባላሉ፤ ልጃቸው ሰዓዳ ከኔ ትንሽ ታንሳለች። ከውጫሌ በላይ ካለ የአምባሰል ቀበሌ ነው የመጡት።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ይግቡ እማማ። መቀመጫ እንኳ የለንም።» ጋሻው የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጣቸው።

ሰዓዳ ዙሪያውን ቃኘችና፣ «ክረምቱ ሳይገባ እዚህ ሐይቅ የተደገሰውን የሙሄን ሰርግ የቀረጻችሁት እናንተ ናችሁ?» አለች።

«አዎ፣ እኛ ነን።»

«ወንድሜ እንድሪስ እዚያ ሰርግ ላይ ነበር። የሙሄ ጓደኛ ነው። ሲያስተናግድ ውሎ ነው ያመሸው።»

እንድሪስ የአይሱዙ ረዳት ነበር። ውጊያው የተቃረበ ሰሞን ከሹፌሩ ጋር ዱቄት ጭነው ከውጫሌ ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። የነእማማ ሐዋ ቤት ተቃጥሏል፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ፎቶ አብሮ ሄዷል። የሰዓዳም ስልክ ተወስዷል።

«ሰው ስንጠይቅ፣ ‹ፎቶው የታለ?› ነው የሚሉን» አለች ሰዓዳ። «ነገ ማለዳ ሱብሂ እንደተሰገደ አጎታችን ሰው ከጠፋባቸው ሌሎች ጋር ሆኖ በመኪና በየሆስፒታሉ ሊፈልግ ይነሳል። መኪናው የሚገኘው ለዚህ አንድ ጉዞ ብቻ ነው።»

እማማ ሐዋ ከሷ ተቀበሉ። «መልኩን በአፌ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ። «ስነግራቸው ‹ቀይ፣ ረጅም› ብቻ ሆነብኝ። ቀይና ረጅም ስንቱ ነው፣ ልጄ? የራሴን ልጅ መልክ መናገር አቃተኝ።»

ማሽኑ መታመሙን ነገርኳቸው። ግን አላመኑኝም ብዬ ነው መሰለኝ፣ ወይም ራሴም መሞከር ፈልጌ፣ ከፈትኩት። በራ። የሙሄን ሰርግ ፈልጌ አንዱን ቪዲዮ ነካሁት። አረንጓዴው ዳስ ታየ፣ ጭብጨባው ተሰማ። እማማ ሐዋ ከሳጥኑ ላይ ብድግ አሉ። ወዲያው ድርግም።

«ምን ሆነ?»

«ጋለ፣ እማማ።»

ጋሻው ካርቶን ቀዶ፣ የበቆሎ እሳት እንደሚያናፍስ ሰው ያራግብለት ጀመር። ሲበርድ እንደገና አስነሳሁት፤ ከቅድሙ ብዙም አልቆየም። ጋሻው አልቦት፣ «እኔ ጋልኩ እንጂ እሱ አልበረደም» አለ። ሰዓዳ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች። ለብዙ ጊዜ አልሳቀችም ነበር መሰለኝ፣ የራሷ ድምፅ አስደነገጣት።

ቪዲዮዎቹ ያሉበትን ዲስክ ፈትቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዳልሰካው፣ በከተማው ውስጥ የተረፈ ኮምፒውተር አላውቅም። ደሴም እንደኛው ተዘርፋለች። ያኔ ቶፊቅ ትዝ አለኝ። ቶፊቅ ውጫሌ ገበያ አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት አንድ ጊዜ ሱቁ ስገባ፣ «ለጌም ኮምፒውተር የሚሆን ፋን አስመጥቼ ማንም አይገዛኝም» ብሎ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ። ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም።

«ልሂድ» አልኩ።

«እኔም እመጣለሁ» አለች ሰዓዳ። እማማ ሐዋን ለጋሻው አደራ ብለን ሚኒባስ ያዝን።

መንገዱን ብዙ አልተርከውም። ግራና ቀኝ የተቃጠለ መኪና ነበር። አይሱዙ ባየች ቁጥር ሰዓዳ መስኮቱ ላይ ትለጠፋለች፤ ካለፍነው በኋላ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ታርጋውን ታውቀው እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የምታደርገው ገብቶት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ተነስተው በመስኮት በኩል ያለውን ቦታቸውን ለቀቁላት፤ በወዲያኛው ጎን ያለውንም እንድታይ።

ቶፊቅ ሱቅ አልቀረለትም። የተሰበረው በሩ ፊት ለፊት ጠረጴዛ አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ስልክ እየፈታ አገኘነው።

«ፋን?» አለ፤ ሳቀ። «ወላሂ የተረፈኝ ዕቃ እሱ ብቻ ነው! ስልኩን፣ ቻርጀሩን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ አሮጌውን ባትሪ ሳይቀር ወስደው፣ ይቺን ካርቶን ከፍተው አይተው ምን እንደሆነች ስላላወቁ እዚያው ጥለዋት ሄደዋል።»

ካርቶኑን አወጣው። ጥንድ ፋን ነው፤ አዲስ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ። የካርዴን ዓይነት ስነግረው ግን ፊቱ ቀዘቀዘ።

«ይህ ለሌላ ካርድ የተሠራ ነው፣ ዘሃራ። የብሎን ቀዳዳው አይገጥምልሽም። ሶኬቱም ሌላ ነው።»

«ባስረውስ?»

አሰበ። «ካሰርሽው… ነፋስ ነፋስ ነው። ማሰሪያው የሚዞረውን ክንፍ እስካልነካ ድረስ ይሠራል።» የፕላስቲክ ማሰሪያ ሰጠኝ። የካርዱ ዋና ቺፕና የብረት ክንፉ በሚገናኙበት ላይ የሚቀባ፣ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት አለህ ወይ ስለው፣ መሳቢያውን በርብሮ እንደ መርፌ ያለች ፕላስቲክ አወጣ። ጫፏ ላይ ትንሽ ቀርታለች። «ለአንድ ጊዜ ትበቃለች፤ ከተሳሳትሽ ግን ሌላ የለኝም» አለኝ። ከፍዬ ተነሳሁ። ሰዓዳ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፋው ተመለስን።

ሱቁ ስንደርስ እማማ ሐዋ ጥግ ላይ ዐሱር እየሰገዱ ነው። ጋሻው ውጭ ቆሞ ሰው እንዳያልፍባቸው ይጠብቃል። ዳቦና ሻይ ገዝቶላቸው ነበር፤ ሻዩን ጠጥተው ዳቦውን አልነኩትም።

ሥራ ጀመርኩ። ካርዱን ነቀልኩት። የተበሉትን ፋኖች ፈታሁ። ክንፉ መሃል ጭድና የአይጥ ጠጉር ተጠቅጥቋል፤ በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ አወጣሁት። ከዚያ ቺፑን ከክንፉ ጋር የያዙትን ብሎኖች ፈታሁ። የድሮው ቅባት ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ቁስል በሚጠረግበት አልኮል አጸዳሁትና ከቶፊቅ ቅባት የምስር ፍሬ ታህል ጠብ አደረግሁ።

አስፈሪው መልሶ መግጠሙ ነው። ቺፑ እንደ መስታወት ነው፤ አንዱን ብሎን ብቻ ካጠበቅኩት በአንድ ወገን ይጫነውና ይሰነጠቃል። ትንሽ ካንዱ፣ ትንሽ ከትይዩው፣ እያልኩ ማጥበቅ አለብኝ። የመጀመሪያውን ብሎን ያዝኩ።

«ቢስሚላህ በይ» አሉኝ እማማ ሐዋ።

«ብያለሁ፣ እማማ።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ብሎኖቹ ገቡ። አዲሶቹን ፋኖች ከክንፉ ላይ አስቀምጬ በፕላስቲኩ ማሰሪያ ጠፈርኳቸው፤ ጋሻው በጥፍር መቁረጫ ትርፉን ቆረጠው። ሶኬቱ ስላልገጠመ የፋኑን ሽቦ ቆርጬ፣ ከኮምፒውተሩ ኃይል ሰጪ ሳጥን ከሚወጡት ሽቦዎች ጋር አገናኘሁት። ጥቁር ከጥቁር፣ ቀይ ከቀይ። በፕላስተር ጠቀለልኩት። ካርዱን ቦታው ላይ ስጫነው ቀጭ አለ።

ማብሪያውን ነካሁ። ፋኖቹ ዞሩ! ሰዓዳ አጨበጨበች። ስክሪኑም በራ። የሙሄን ሰርግ ከፈትኩ፤ ጋሻው የቀረጸው የወንዶቹ ዳስ መጣ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይጨፍራል። «ያውና!» አለች ሰዓዳ፤ ትሪ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ጀርባ አሳየችኝ። «ያ ነው፣ አረማመዱ ነው!» ፊቱን እስኪያዞር ጠበቅን። ሳያዞር ድርግም አለ።

 እጄን ወደ ካርዱ ሰደድኩ፤ ያቃጥላል። ፋኖቹ ግን ይዞራሉ። ቀስ ብለው ነው የሚዞሩት፤ አሁን ሳየው ክንፋቸውን መቁጠር እችላለሁ። ካርዱን አቃጥዬው እንደሆነስ? ነፋስ ነፋስ ነው ብሎኝ ነበር ቶፊቅ፤ ይህ ግን ነፋስ አይደለም፣ እስትንፋስ ነው።

ማሽኑን ከመብራት ነቅዬ ቁጭ አልኩ። መብራቱም ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ሰሞኑን ልማዱ ነው። ጋሻው አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ሳጥኑን ይመረምራል። «ዘሃራ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አለኝ። ኃይል ሰጪው ሳጥን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ አቧራ ሸፍኖታል። በጣቴ ጠረግሁት። ቀዩ ሽቦ አምስት ቮልት፣ ቢጫው ዐሥራ ሁለት ይላል። የፋኖቹን ጀርባ አየሁ፤ ዐሥራ ሁለት።

ቀይን ከቀይ ማገናኘት ትክክል መስሎኝ ነበር። ለካ ፋኖቹን በግማሽ ጉልበት እንኳ አላሠራኋቸውም። ፕላስተሩን ፈታሁ፤ የፋኑን ቀይ ከቢጫው ጋር ቋጠርኩት። ካርዱ እስኪበርድ ጠበቅን። ያ መጠበቅ ረዘመብኝ። እማማ ሐዋ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ማብሪያውን ስጫን ፋኖቹ እንደ ወፍጮ አጓሩ። በላያቸው የነበረው አቧራ ሁሉ ቦነነ። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

«ያረቢ» አለች ሰዓዳ።

አጥፍቼ ካርዱን ዳሰስኩት። ቅድም ስነካካው አንዱ ጫፉ ከቦታው ትንሽ ተነስቷል። ተጫንኩት፤ ቀጭ አለ። እንደገና አበራሁ። በራ። ቪዲዮውን ከፈትኩ። ሁላችንም የምንጠብቀው ስክሪኑ መቼ ድርግም እንደሚል ነበር ብል ይሻላል፤ ማንም ሰርጉን እያየ አልነበረም። አልጠፋም። እጄን ሰደድኩ፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም።

አሁን እንድሪስን መፈለግ ነው። የሚያስተናግድ ሰው መከራው፣ በሁሉም ቦታ አለ፣ በየትም ቦታ አይታይም። ትከሻው አለ፣ እጁ አለ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ ጎንበስ ያለ ማጅራቱ አለ። ካሜራ ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። ጋሻው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሙሽራውን ብቻ ነው ስከተል የዋልኩት» ይላል። የወንዶቹን ዳስ ጨረስነው። አንድም ሙሉ ፊት የለም።

«የሴቶቹስ?» አሉ እማማ ሐዋ።

«የሴቶቹ ዳስ ውስጥ ወንድ አይገባም እኮ፣ እማማ።»

«ምግቡን ማን አመላለሰው ታዲያ?»

እውነታቸውን ነው። የራሴን ቀረጻ ከፈትኩ። ሲቀናበር የማይገባውን፣ የተበላሸውን፣ እግር ብቻ የሚታይበትን ሳይቀር አልፌ ማየት ጀመርኩ። ያን ዓይነቱን ቁርጥራጭ ቦታ ሲጠብበኝ ነው የማጠፋው፤ የሙሄ ሰርግ የመጨረሻ ሥራችን ስለነበር ገና አላጠፋሁትም። አንድ ቦታ ላይ የዳሱ መግቢያ ታየ። አንድ ወጣት ትልቅ ትሪ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ሙሽሪትን ጋርዶብኛል። የራሴ ድምፅ ከካሜራው ኋላ ይጮኻል፦ «አንተ! ከፊቴ ዞር በል!» ልጁ ዞር አላለም። ትሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው አየና ሳቀ።

እማማ ሐዋ አልጮኹም። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ ጣታቸውን ፊቱ አጠገብ አድርገው ሳይነኩት ያዙት።

«ሳቀ» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። እንደገና ድገሚልኝ አሉኝ። ሰዓዳ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። ጋሻው ወደ ውጭ ወጣ።

መግሪብ ሳይደርስ አጎትየው ነገ ከሚወስዳቸው መኪና ሹፌር ጋር መጡ። ፕሪንተር ስለሌለን ፊቱን ከቪዲዮው ቆርጬ በሳቸውና በሹፌሩ ስልክ ላይ ጫንኩት። ሹፌሩ ፎቶውን ካየ በኋላ አልሄደም። እግሩን እያፈራረቀ ቆሞ፣ «እኅቴ፣ የኔም ታናሽ ወንድም እዚያ ሰርግ ላይ ነበር» አለኝ። «ፎቶ የለንም።» እሱንም ፈለግንና ጭፈራው መሃል አገኘነው። መብራቱ ሲሄድ እሱን ጨርሰን ነበር።

በማግስቱ የኮምቦልቻው ነጋዴ ሲመጣ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ወሬው ከሹፌሩ ጋር አድሮ አምባሰልን አዳርሷል። ነጋዴው ማሽኑን ሲጠይቀኝ፣ «አይሸጥም» አልኩት። ከሰዎቹ ጋር አብሮ ቆሞ ትንሽ አየ፤ ምንም ሳይከራከር ሄደ። ደላላውም ደወለ፤ መልሼ እንደምደውልለት ነገርኩት። እስካሁን አልደወልኩለትም።

እንድሪስ ተገኘ። ከኛ በራቀ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ። ጭንቅላቱና መንጋጋው ተመትቶ፣ አፉና አገጩ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ መናገርም መጻፍም ስላልቻለ ስሙ የማይታወቅ በሽተኛ ሆኖ ተኝቶ ነበር። አጎትየው በኋላ እንደነገሩኝ፣ ነርሷ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን አየችና አላወቀችውም። ልትመልስ ስትል ምን እንደታያት እንጃ፣ በመዳፏ የፎቶውን አፍና አገጭ ሸፈነች። ዓይኑ ብቻ ቀረ። «ኑ» አለቻቸው።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ከዚያ ወዲያ ከቆዩ ሰርጎች ውስጥ ለወራት ፊት ስናወጣ ከረምን፤ ሙሽሮች ሳይሆኑ ሚዜዎች፣ አስተናጋጆች፣ ዳሱ ጥግ የቆሙ ሰዎች። ጥቂቶቹ በሕይወት ተገኙ። የብዙዎቹ ቤተሰቦች ፎቶውን ይዘው ሄደው ለቀብር የሚሆን ወሬ ይዘው ተመለሱ። ወሬም ያላገኙ አሉ። አንድ አባት ልጃቸው እንደማይመለስ እያወቁ ነው የመጡት፤ «ግድግዳዬ ባዶ ነው» ብቻ አሉኝ። ያ ሁሉ ሲሆን ፋኖቹ ሳይጠፉ አገለገሉን፤ ማሰሪያቸውን ብቻ አንድ ጊዜ ቀይሬዋለሁ።

እንድሪስ ከዳነ በኋላ በራሱ እግር ሱቁ መጣ። ንግግሩ ቀርፋፋ ነው፤ አንዳንድ ቃል ፈልጎ ነው የሚያገኘው። የአይሱዙው ሹፌር እዚያው መኪናው ውስጥ መሞቱን የነገረን እሱ ነው። ያቺን ቁራጭ ቪዲዮ አሳየሁት። ድምፄን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን… ብለሽ ነው… የጮኽሽብኝ?»

«ከፊቴ ዞር በል ነው ያልኩህ።»

ብዙ አሰበ። «ጭፈራው… አላሰማኝም» አለ። ከዚያ፣ «እንኳንም… አልሰማሁሽ።»

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ በኋላ ሥራዬን የምሠራበት መንገድ ተቀየረ። አሁን ሰርግ ስቀርጽ ሙሽሮቹን ለጋሻው ትቼ ወጥ ቤቱን፣ በሩን፣ ውሃ የሚያስታጥቡትን፣ ጫማ የሚጠብቁትን እዞራለሁ። ቁርጥራጭ አላጠፋም። ደጋሾቹ አንዳንዴ፣ «ምነው ልጅቷ፣ ለድስት ነው እንዴ የከፈልንሽ?» ይሉኛል። ይበሉ።

እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስትጠሩ ሰርግ ትሄዳላችሁ፤ ካሜራ ሲመጣ «እኔን ተይኝ፣ ልብሴ አያምርም» ብላችሁ ነጠላችሁን ፊታችሁ ላይ ትስባላችሁ፣ ከሰው ኋላ ትደበቃላችሁ። በቪዲዮዎቹ ውስጥ ስንት ሰው ሲሸሽ እንዳየሁ ብነግራችሁ። ካሜራው ሲመጣ አትሽሹ። ጎንበስ ብላችሁም ከሆነ ቀና በሉ። ሥዕሉ ለእናንተ አይደለም፤ አንድ ቀን ለሚፈልጋችሁ ሰው ነው።